ከሸለትኩት ውሻ ጋር አሥር ቀን

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ሸለትኩት፤ ነከሰኝ። ግራ እጄን፣ ከአውራ ጣቴ በታች። ከላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ከታች አንድ። ደሙ ብዙ አልነበረም። በሎሚና በጨው አጠብኩት፣ በጨርቅ አሰርኩት። የምጽፈው በቀኜ ስለሆነ ከዚህ ደብተር የሚያግደኝ ነገር የለም።

ሲነክሰኝ አልጮህኩም። እሱም አልጮኸም። ያዘኝ፣ ለቀቀኝ፣ ሄደ። በቃሽ እንደሚል ሰው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለሌላ ሰው አልናገረውም እንጂ እዚህ ልጻፈው። ሳምንት ሙሉ ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ አየሁት። ሐረር ቆላ አይደለም፤ ለእሱ ግን ምድጃ ነው። ሙሴ፣ ማለት ይህን ውሻ ጥሎብኝ የሄደው ፈረንጅ፣ የፊተኛውን ክፍል ተከራይቶ ቆዳ ይገዛ ነበር። በአገሩ ውኃው እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት ወራት እንዳለ፣ ውሻውም በዚያ ላይ ተኝቶ እንደሚያድር ነግሮኛል። በጥቅምት በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አንድ ጣቱን አንሥቶ አሳየኝ። አንድ ወር ማለቱ ነበር። ይኸው መጋቢት ገባ።

ስለዚህ አዝኜለት ነው የሸለትኩት። ግን አዝኜለት ብቻ አይደለም። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። አባቴ የሸዋን ጦር ተከትሎ ወደዚህ እስኪያመጣኝ ድረስ በግ ስሸልትና ጠጉር ስፈትል ነው ያደግሁት። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት፣ ደህና ጠጉር በጣቴ አልነካሁም። የዚህ ውሻ ጠጉር ድርብ ነው። ከላይ ሻካራ፣ አመድማ፤ ከሥሩ እንደ ተነደፈ ጥጥ። ባየሁት ቁጥር እጄን ይበላኝ ነበር። ዛሬ በጠፍር ከምሰሶው ጋር አሰርኩት፣ የበግ መቀሱን አወጣሁ። ጀርባውንና ጎኑን ዝም ብሎ አሸለተኝ። ሆዱ ላይ ስደርስ ነው የነከሰኝ።

አሁን ራሱና ጭራው ባለ ጠጉር፣ መካከሉ ራቁት ነው። ጭራው ግን ዛሬም እንደ ቀለበት ጀርባው ላይ ተጠምጥሟል። ስም አለው፤ ፈረንጁ በስሙ ይጠራው ነበር። ሲጠሩት ስለማይመጣ ስሙን ትቼዋለሁ።

ዛሬ አቦ መሆኑን ከሸለትኩት በኋላ ነው ያስታወስኩት። በበዓል ቀን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

ውኃ ቀጂዋ በሩን ስትከፍት አመለጠ።

ሮጦ የትም አልሄደም። የጎረቤቴን የአይ ዘይነብን (አይ ማለት በሐረሮች ቋንቋ እናት ነው) ፍየል መውጫ በሌለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ከግንቡ ጋር አጣብቆ ይዞ ጮኸባት። አልነካትም። ከሦስት ክንድ አልቀረበም፣ ከሦስት ክንድም አልራቀም። ስትንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል፣ ስትቆም ይቆማል፣ ይጮኻል። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ጠራሁት፣ ዞሮም አላየኝ። ድንጋይ ቢወረውሩበት ዘወር ይልና ተመልሶ ይቆማል።

እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሙሴ ነግሮኛል። በአገሩ ጫካ ቀንዳም አውሬ አለ፤ የውሻው ሥራ አግቶ መጮኽ ነው። አውሬውን የሚገድለው አዳኙ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው እስኪመጣ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። ይህን ለሰው ባስረዳ ማን ይሰማኛል? ሰው ያየው ግማሽ ጠጉሩ የሌለ፣ ምላሱ የተንጠለጠለ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ሳይነክስም ሳይሄድም ሦስት ሰዓት የሚጮኽ ውሻ ነው። በዚያ ላይ እጄ ታስሯል።

ውኃ ቀጂዋ፦ «እትዬ፣ እሱ ነው የነከሰዎት?» አለችኝ። መዋሸት ነበረብኝ። አልዋሸሁም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሬው ገበያው፣ ፈረስ መጋላ ደርሶ ተመለሰ። እብድ ውሻ።

አይ ዘይነብ ፍየሏን ስትወስድ ከበሬ ፊት ቆማ፦ «ያ ወርቄ፣ ይኸ ምንድን ነው? ፊቱ ጅብ፣ ወገቡ ዶሮ! ፍየሌ ዛሬ ወተት የላትም፣ ወላሂ ደሟ ነው የደረቀው» ብላ ሄደች። ሃያ ዓመት ግንብ ተጋርተን ስንኖር ስትቆጣ ያየኋት ሁለተኛ ጊዜ ነው።

ማታ በራሱ ጊዜ ሲገባ በሩን ዘጋሁት። ምግብ አልነካም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

ባሻ መጣ። የሰፈሩ ሹም ነው፤ ከሟቹ ባለቤቴ ጋር አብሮ የዘመተ። ጠመንጃውን ይዞ፣ ከኋላው ሰፈሩን አስከትሎ።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ነከሰሽ አሉ።»

«ነከሰኝ።»

«ያጎረሰውን እጅ?»

«ሌላ የሚያጎርሰው እጅ አልነበረውም።»

«አብዷል። ሰው ሁሉ የሚለው ይህንን ነው።»

«ሰው ሁሉ ስለኔም ብዙ ይላል፤ እኔን ግን አልተኮሱብኝም።»

«አንቺንማ ጥይቱም ይፈራሻል» አለ። ከኋላው ያሉት ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር።

የእብድ ውሻ ምልክቱ ውኃ መፍራት ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ባሻ ውኃ አምጪ አለኝ። በገበታ አድርጌ ከግቢው መካከል አስቀመጥኩ። ፀሐይ ነበር። ውሻው ከጥላው ተነሥቶ መጣ፤ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ። አሸተተው። ባሻን አየው፣ ሰዉን አየ፣ ውኃውን አየ፣ ዞሮ ሄዶ ተኛ።

«ፈራ! ውኃ ፈራ!» ከበሩ ላይ ጩኸት ሆነ።

ፈርቶ አልነበረም። ስላልፈለገ ነው። ይህ ውሻ በሰው ፊት የታዘዘውን ሠርቶ አያውቅም። ለሙሴም አይሠራም ነበር። ግን ይህን እንዴት ነው ለባሻ የምናገረው?

ባሻ ጠመንጃውን ሲያነሣ ከፊቱ ቆምኩ። ደፍሬ አይደለም። እግሬ ሄደ። «እብድ ከሆነ ከአሥር ቀን አያልፍም» አልኩት። «እርስዎም ያውቃሉ። ከነከሰኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰባት ቀን ይስጡኝ።»

«እስከዚያስ ሌላ ሰው ቢነክስ?»

«ይዝጉብን። እኔንም አብረው።»

ባሻ አማተበ። «እብድ ከሆነኮ አንቺም አለቀልሽ፣ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ያን ጊዜ ያው ጠመንጃ አለዎት።»

ከዚያ ተናገረ፦ የመጪው ረቡዕ ይመጣል። ውሻው በሕይወት ካለና ውኃ መጠጣቱ ከታወቀ ይተወዋል። ካልሆነ እዚያው ይገድለዋል፤ እኔ ደግሞ ለአርባ ቀን ተለይቼ እቀመጣለሁ። እስከዚያ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ምግብ በግንብ ላይ ይገባል።

«ይህን የማደርገው ለባልሽ ብዬ ነው» አለኝ ሲወጣ።

«ለሱ ብለው ከሆነማ አሁኑኑ ይተኩሱት» አልኩት።

ቆለፈው። የቁልፉን ድምፅ ሰማሁ። ያጣሁት ነገር ምን እንደሆነ አሰብኩ፤ ምንም አላገኘሁም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8

በቤት ያለው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ግማሽ ቁና ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሁለት ሎሚ። ከጓሮ ባለው ጋን ውኃ። አንድ ከረጢት የውሻ ጠጉር።

ጠጉሩን አጥቤ አሰጣሁት። እንዝርቴን ፈለግሁ፤ አገኘሁት። ግራ እጄ ስላበጠ መያዝ ያቅተኛል፣ ግን ፈተልኩ። ክሩ አይበጠስም። ከመንዝ በግ ይሻላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ውሻው ምስር አይበላም። ሽሮ አይበላም። የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ አሸተተ። ገበታው ውስጥ ያለው ውኃ እንዳለ ነው። በጣቴ ምልክት አድርጌበት ነበር፤ ከምልክቱ አልወረደም።

ፀሐዩ ጀርባውን አቃጥሎታል። ቆዳው ቀላ፣ ዝንብ ወረረው። ለካ ያ ጠጉር ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ይጠብቀው ነበር። ይህን ማን ያውቃል? በግ ሲሸለት ደስ ይለዋል፣ ይዘላል። የባለቤቴን አሮጌ በርኖስ ከሣጥን አውጥቼ ቆርጬ አለበስኩት። ለብሶ ቆመ፣ እኔን አየኝ። በርኖሱ ከባለቤቴ ይልቅ ለሱ ያምርበታል። ከዚያ በጥርሱ ይዞ አወለቀው።

ዓርብ፣ መጋቢት 9

አይ ዘይነብ በሰገነቷ ላይ ብቅ አለች። ቤቷ ከግቢዬ ከፍ ይላል፤ ሙቀት ሲሆን ከላይ ተቀምጣ ስፌቷን ትሰፋለች።

«ያ ወርቄ! አላበድሽም?»

«ገና ነው።»

«እንዴት ነው የሚታወቅብሽ? አንቺ ድሮም ትነክሻለሽ።»

ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረችኝ ዛሬ ነው። የውሻውን ነገር ጠየቀች። አልበላም አልኳት። የፍየሏን ነገር አላነሣንም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የተጠቀለለ ነገር ከሰገነት ወረወረች። አጥንት፣ ሥጋ ያለበት። እሷም የረመዳን ጾመኛ ናት፤ ለማፍጠሪያ ሥጋ ስትገዛ ለውሻው ማስቀረቷ ነው። ውሻው ሳይወድቅ በአየር ላይ ያዘው። አምስት ቀን የራበው በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«እኔ ጾመኛ፣ አንቺ ጾመኛ፣ ጀጎል ሁሉ ጾመኛ። እሱ ብቻ ሲበላ እዪው! አይ ዱንያ!» ብላ ሳቀች።

እሷ ውሻ ቢነካት ሰባት ጊዜ መታጠብ አለባት፣ አንዱን በአፈር። እኔ በዐቢይ ጾም፣ ያውም የእስላም ሥጋ በእጄ መያዝ የለብኝም። ስለዚህ እሷ ከሩቅ ትወረውራለች፣ እኔ ሳልነካ እመለከታለሁ። ሁለታችንም ሃይማኖታችንን ጠብቀናል። ውሻው ሥጋውን በልቷል።

ውኃውን ግን አሁንም አልነካም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

መምሬ፣ የነፍስ አባቴ፣ በበሩ ቀዳዳ አነጋገሩኝ። ቁልፍ ስለሌላቸው መግባት አይችሉም፤ ደስም ብሏቸዋል መሰለኝ።

«ልጄ፣ በአቦ ቀን ሸለትሽ?»

«ሸለትኩ። ረስቼ ነው።»

«ይኸው ዋጋሽን አገኘሽ።»

«አቦ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ አባት ናቸው። ለአንድ ውሻ ይቀየሙኛል?»

ከዚያ ሌላውን አመጡ። «በዐቢይ ጾም የእስላም ሥጋ በግቢሽ ይወረወራል ይባላል።»

«እውነት ነው። እኔ አልበላሁም፣ አልነካሁምም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ውሻው ቢሞት ደስ ይለዋል፤ ሥጋውም ባይወረወር። አባቴ፣ ውሻው ክርስትና አልተነሣ። ጾም ለሱ አልተጻፈ።»

ሳቃቸውን ሲይዙ ሰማሁ። ከዚያ ቅጣቴን ነገሩኝ፦ ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሰባት ቀን ልጾም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከር ነበር። እሺ አልኩ።

«ጠበል ላምጣልሽ?» አሉኝ ሲሄዱ።

«ለውሻው?»

«ለአንቺ።»

ለኔ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር። አምጡልኝ አልኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 11

መጻጉዕ ነው። የቅዳሴውን ደወል ከዚህ ሰማሁ። ቤተ ክርስቲያን የቀረሁበት እሑድ፣ ልጄ ካረፈች ወዲህ ሁለተኛዬ ነው።

ስለ ልጄ ለመጻፍ አላሰብኩም። ግን ሥራ የለም፣ ጠጉሩ ተፈትሎ አልቋል።

ልጄ እታገኝ አዲስ አበባ ነበር ያገባችው። በአራት ዓመት ሰባት ደብዳቤ ላከች። እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ባለቤቴ ያነብልኝ ነበር። ሁልጊዜም ሰላምታ ነበር። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ከዚያ ሞተች ተባለ። ከዚያ ባለቤቴም ሞተ። ደብዳቤዎቹ ቀሩ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ከአንዲት መነኩሲት ዘንድ ሄጄ ከልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሀ ሁ አልኩ። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ደብዳቤዎቹን በገዛ ዓይኔ አነበብኩ።

አምስተኛው «እማዬ አሞኛል፣ ነይልኝ» ይላል። ስድስተኛው «ለምን ቀረሽ?» ይላል። ሰባተኛው ሰላምታ ብቻ ነው፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ።

ለምን እንደደበቀኝ አላውቅም። መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ ይሆናል፤ ምሳውን የሚሠራለት እንዳያጣ ይሆናል። ጠይቄው አይመልስልኝም። ያን ቀን እንኳ አላለቀስኩም። ልቧ ድንጋይ ነው ይሉኛል። ድንጋይ አይደለም። እጅ ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ ይቆነጥጡታል፣ ዓይን ያያል፣ እጅ አይሰማውም።

ውሻው ዛሬ ከጓሮ፣ ከጋኑ አጠገብ ጉድጓድ ሲምስ አየሁት። የሚሞት ውሻ መቃብሩን ይምሳል ሲባል ሰምቻለሁ። አልወደድኩትም። ከዚያ ከጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተኛ።

ሰኞ፣ መጋቢት 12

የገበታው ውኃ አሁንም እንዳለ ነው። በየቀኑ እቀይረዋለሁ፣ በየቀኑ ምልክት አደርጋለሁ። ለውጥ የለም። አምስት ቀን ያለ ውኃ የቆየ እንስሳ አላውቅም።

አይ ዘይነብ ከአጥንቱ ጋር ለኔ ደግሞ ቴምር ወረወረችልኝ። «ይኸ ጾም ነው፣ ብይ!» አለች። በላሁ።

ዛሬ ለአንድ አፍታ አብዶ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። እስከ ዛሬ ሰዉን ሁሉ ስከራከር፣ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። አብዶ ከሆነ ሰዉ ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ ብቻ ተሳስቻለሁ። ይህ ከመሞቱ ይብሳል።

ጋኑ ውስጥ ያለው ውኃ ወርዷል። እኔ ያን ያህል አልቀዳሁም። ምናልባት ተሰንጥቆ ይሆናል። ይህም ሌላ ጣጣ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 13

ሌሊት ትኩሳት ነበረኝ። ግራ እጄ እስከ ክርኔ ይጠዘጥዛል። ጠዋት ውኃ ስጠጣ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ዋንጫውን አስቀመጥኩ። እንደገና አነሣሁ። ዋጥኩ። እንደገና ዋጥኩ። አራት ጊዜ ከጠጣሁ በኋላ ሆዴ ሲሞላ ተውኩት።

ባሻ ነገ ይመጣል። ማድረግ የምችለውን ጻፍኩ፦
ውኃውን በሌላ ዕቃ ማድረግ።
ውኃ ውስጥ የአጥንት ቅባት መጨመር። (ሥጋ መንካት ይሆንብኛል። ቅጣት ቢጨመርብኝም።)
ባሻን መለመን።
በተራራው፣ በሐኪም ጋራ በኩል እንዲሸሽ ግንቡን ማሻገር። (አይሸሽም። ፍየል ያግታል።)

ቅባቱን ሞከርኩ። ቅባቱን ከላይ ላሰው፣ ውኃውን ተወው።

ተናደድኩበት። «እንግዲህ ሙት!» አልኩት። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አየኝ። አመድማ ፊቱን፣ ያን ትዕቢቱን አየሁ። ሰው ካሰኘው ይወደኛል ካላሰኘው ይተወኛል የሚል ዓይን ነው። እንዲህ ዓይነት ዓይን ቢኖረኝ ኖሮ እኔም ማንም አያነብልኝም ነበር፤ ራሴ እማር ነበር፣ በጊዜው።

መምሬ ያመጡልኝን ጠበል ጠጣሁ። የተረፈውን ውሻው ላይ ረጨሁ። ተነሥቶ ጠበሉን አራገፈ፣ ሄደ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 14

ባሻ በሦስት ሰዓት ከፈተ። ሰዉ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ነበር። ከሸዋ በር ጀምሮ የመጣ አለ። ባሻ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ዓይኔን፣ አፌን። ከዚያ ውሻውን። ውሻው በጉድጓዱ ተኝቶ ነበር።

«በሕይወት አለ» አለ ባሻ፣ ትንሽ የተከፋ መሰለኝ። «በይ ውኃ።»

አቀረብኩ። ውሻው አልተነሣም። ወደ አፉ አስጠጋሁት፣ ፊቱን አዞረ። ባሻ በርጩማ አስመጥቶ ተቀመጠ። ቆየን። ፀሐዩ በረታ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ውሻው አንድ ጊዜ አዛጋ። ሌላ ነገር የለም።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ የጠየቅሽውን ቀን ሰጥቻለሁ» ብሎ ባሻ ተነሣ። ጠመንጃውን አቀባበለ። እኔ ደግሞ እንደዚያን ቀን ከፊቱ ልቆም ፈልጌ እግሬ አልሄደም። ቆሜ ቀረሁ።

ከላይ፦ «ባሻ! አቦ፣ ባሻ! ቆይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አይ ዘይነብ ናት፣ በሰገነቷ ጫፍ፣ ስፌቷ በእጇ።

«ይጠጣል!» አለች። «በዓይኔ አይቸዋለሁ። ለሱሑር ልበላ ስነሣ፣ ንጋት ላይ፣ በየቀኑ። ያንን የምታቀርቡለትን አይደለም። ከጋኑ ሥር ነው የሚጠጣው። ጋኑ ያልበዋል፣ ይንጠባጠባል፤ እሱ ከሥሩ ቆፍሮ ይጠራቀምለታል፣ ይልሰዋል። ቀዝቃዛውን! በፀሐይ የሞቀ ውኃ ማን ይጠጣል? አንተ ትጠጣለህ?»

ሰዉ ሳቀ። ባሻ አልሳቀም። «እኔ ካላየሁ አልታወቀም።»

«ሱሑር ላይ ና፣ ታያለህ።»

«አይ ዘይነብ፣ ለጎረቤትሽ ብለሽ ነው።»

«ለጎረቤቴ?» አለች። ስፌቷን አስቀመጠች። «ባሻ፣ ጾመኛ ነኝ። ይኸ አፍ ከንጋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም። በዚህ አፍ ልዋሽ? ለነጂስ ውሻ ብዬ ረመዳኔን ላፍርስ? ያውም ፍየሌን ላደረቀብኝ ውሻ? እብድ ቢሆን እኔ ነበርኩ ተኩስ የምልህ። ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ውኃ ይጠጣል!»

ባሻ ወደ ጋኑ ሄደ። ተከተልነው። ጋኑን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ርጥብ ነው። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያለውን ጉድጓድ አየ። አረንጓዴ ሻጋታ በለበሰው የጋኑ ሆድ ላይ፣ በውሻ ምላስ ልክ፣ እስከ ሸክላው የጸዳ ሰፊ ቦታ አለ። እኔ በየቀኑ ከዚያ ጋን ስቀዳ ነበር። አላየሁትም። ጋኑ የተሰነጠቀ መስሎኝ ነበር።

ባሻ ከጋኑ ቀና አለ። ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። «አሥር ቀን ያለፈ፣ ሥጋ የሚበላ፣ ውኃ የሚጠጣ ውሻ፤ እብድ አይደለም» አለ ለሰዉ። «ባለጌ ነው እንጂ።» ቁልፉን ይዞ ወጣ። ሲያልፈኝ፦ «እንኳን ተረፍሽ» አለኝ፣ በቀስታ።

ሰዉ ሲበተን ወደ ሰገነቱ ቀና አልኩ። «ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ከምስጋና በፊት ይህ መጣልኝ፤ አፌ ነው።

«የምታውቂ መስሎኝ!» አለች። «ጋኑ ያንቺ፣ ውሻው ያንቺ። አንቺ ካልሰጠሽው ማን ሊሰጠው ነው?» ከዚያ ደግሞ፦ «ንጋት ንጋት አንቺንም አይሻለሁ። ቁጭ ብለሽ። በዚያ ሰዓት ለምን አትተኚም፣ ወርቄ?»

ሃያ ዓመት ነው። የሚያየኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 15

ጠዋት በሩን ከፈትኩ። መንገዱ እንደ ድሮው ነው። ውኃ ቀጂዋ ስታየኝ ሳመችኝ፤ ማክሰኞ ዕለት ያወራችውን የረሳች መስላ።

ከዚያ ተቀምጬ ዋንጫ ሳነሣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ውኃው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። የቆሰለው አይደለም፤ ቀኙ። ልጽፍ ስል አቃተኝ። ትኩሳት የለብኝም። ግንባሬን ዳሰስኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ ሆኜ ቆየሁ። ለካ ፈርቼ ኖሯል። አሥር ቀን ሙሉ ፈርቼ ሳላውቀው ኖሯል። አይሰማኝም ብዬ የጻፍኩት ስሕተት ነው። አልሰርዘውም።

ለአይ ዘይነብ ምን እንደምልክላት አላውቅም። እንጀራዬን ትበላለች፤ ወጤን ግን አላውቅም፣ ጠይቄያት አላውቅም። ከሁሉ በፊት ፍየሏ ወተት ሰጥታ እንደሆነ እጠይቃታለሁ።

ሙሴ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ቢመለስ ይህን ጀርባ ምን እለዋለሁ? የተቃጠለው ቆዳ ተቀርፎ አዲስ ጠጉር እንደ ጉንዳን ነጥብ ነጥብ ብሏል። ወደ ቀድሞው ይመለስ እንደሆነ አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ላይ በተከፈተው በር ወጥቶ ሄደ። አልጠራሁትም። ሰዉ ከመንገዱ ዘወር እያለ አሳለፈው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም። ሄዷል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። ለዚህ እንኳ ልምድ አለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ይህን ስጽፍ ገባ። እግሩ ጭቃ፣ አፍንጫው ላይ ጭረት አለ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁትም። አላየኝም። ምሰሶውን፣ ጥላውን፣ ጉድጓዱን ሁሉ ትቶ እኔ ከተቀመጥኩበት በሁለት ክንድ ርቀት ተኛ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ።

እጄን አላስጠጋሁም። ገና ነው።